ፎርማት ላድርገው?

ቢሮ ውስጥ ወንበር ቢሰበር ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ፕሪንተሩ ወረቀት ሲያኝክ «ዛሬም ጀመረው» ተብሎ ይታለፋል። የአንድ ሰው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አልነበብ ያለ ዕለት ግን ሥራ ይቆማል። ከሒሳብ ክፍል የሚመጣ አለ፣ ከንብረት ክፍል የሚመጣ አለ፤ ጥበቃው ሳይቀር በሩን ትቶ ይመጣል፣ የእህቱ ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ነዋ የሚማረው። አልነበብ ያለ ዲስክ ያልገጠመው ሰው የለም፤ የገጠመው ሁሉ ደግሞ አንድ ዘዴ ይዞ ወጥቷል። ሁለት ዘዴ የያዘ አላየሁም። ያቺኑ አንዷን ሳይሞክር ወደ ወንበሩ አይመለስም።

የመጀመሪያው መካሪ «ነቅለህ ሰካው» ባይ ነው። ማንም አያመሰግነውም እንጂ ከሁሉም የተሻለ ሐሳብ ያለው እሱ ነው። ሁለተኛው ሶኬቱ ውስጥ እፍ ይላል፤ ከሚያስወጣው አቧራ የሚያስገባው ምራቅ ይበልጣል። ሦስተኛው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳ ይላል፣ ያልተቀመጠ የወር ሪፖርት ተከፍቶ እያለ። አራተኛው ዲስኩን በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል፤ የአባቱ ቴሌቪዥን በዚህ ይስተካከል ነበር። አምስተኛው «በፌስታል ጠቅልለህ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው» ይላል። ይሄኛውን የሰፈር ወሬ እንዳይመስላችሁ፤ በድሮ ዲስኮች ዘመን ፈረንጅም ሲመካከርበት የኖረ ነው። የዛሬውን ዲስክ ግን ፍሪዘር ሲያስገቡት የሚተርፈው እርጥበት ነው፤ ሚስት ደግሞ ከቁርጡ ሥጋ አጠገብ ያገኘችውን ዕቃ ማብራሪያ ሳትጠይቅ አታልፍም።

ስድስተኛው ሰው ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ጫጫታውን ሰንጥቆ ይገባል፣ ማውሱን ከባለቤቱ እጅ ቀስ አድርጎ ይወስዳል፣ ከዚያ «ፎርማት አድርገው» ይላል። የዚህ ሰው ክፋቱ አለማወቁ አይደለም። ዘዴው ሁልጊዜ መሥራቱ ነው። ፎርማት የተደረገ ዲስክ ይነበባል፤ ባዶውን ይነበባል እንጂ። እኔ እስከማየው ድረስ በራሱ ሕመም ከሚሞተው ዲስክ ይልቅ ሊረዱት በተሰበሰቡ ሰዎች እጅ የሚያልቀው ይበዛል።

ዱሮ ዲስክ ይህን ያህል ረዳት አልነበረውም። የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ፣ የአይቢኤሙ 350፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲወጣ አንድ ቶን ያህል ይመዝን ነበር። 50 ትልልቅ ሳህኖች ተሸክሞ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ያህል ነው፤ ዛሬ በስልክ የሚነሳ አንድ ፎቶ ሊሞላው ይችላል። ያን የሚያህል ቁም ሣጥን ነቅሎ የሚሰካ፣ በመዳፉ የሚመታ፣ ፍሪዘር የሚያስገባ ጀግና አልተፈጠረም። ጣጣው የመጣው ዲስክ ኪስ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

ከሁሉ በፊት መጠርጠር ያለበት ገመዱ ነው። ዋጋው ከዲስኩ ጋር ሲተያይ ኢምንት ስለሆነ ግን ማንም ወደ እሱ አይዞርም፤ ሰው በጉዳቱ ልክ ትልቅ ጥፋተኛ ነው የሚፈልገው። እስቲ ብዙዎቹ ዲስኮች ላይ የሚሰካውን ጫፍ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጠፍጣፋ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ወደ አንድ ጎኑ ሰርጎድ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። ትልቁ ወገን የድሮ ስልክ ቻርጀር አፍ ነው፤ ትንሹ አጠገቡ የተቀጠለ ጠባብ አፍ። ገመዱ እንደተሰካ ቦርሳ ውስጥ ሲወረወር፣ ሲጎተት፣ ሲጣመም ከርሞ ይላላል። ከዚያ በጣት ወደ ግራ ገፋ አድርገው ሲይዙት መብራቱ ብልጭ፣ ሲለቁት ድርግም። አንድ የማውቀው ሰው ከሥሩ የታጠፈ የሎተሪ ቲኬት ይደግፍበታል። ዕጣው አልወጣለትም፤ ዲስኩ ግን ይነበባል።

ትልቁ ወገን የስልክ ገመድ መቀበሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ዋናው ገመድ ሲጠፋ ሰው የስልኩን ያነሳና ይሰካበታል። ይገባል። መብራቱ ይበራል፤ አንዳንዴም ዲስኩ እርርር ብሎ መዞር ይጀምራል። ኮምፒውተሩ ግን ጭጭ። ርካሽ የቻርጀር ገመድ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያልፍባቸው ሁለት ሽቦዎች ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ ያሉት፤ ዳታ የሚያልፍባቸው ከነጭራሹ አልተገጠሙም። ይህን ለማስረዳት ስትሞክሩ «መብራቱ በርቶ የለም እንዴ!» ይሏችኋል። መብራቱ የሚመሰክረው ኤሌክትሪክ መምጣቱን ብቻ ነው፤ ለሌላው ምስክርነት አልተጠራም።

ገመዱ ነጻ ከወጣ ተረኛው ኃይል ነው። በእጅ የሚያዘው ትንሹ ዲስክ የራሱ አዳፕተር የለውም፤ ዩኤስቢው የሰጠውን ነው የሚቀምሰው። ዩኤስቢ 2.0 እስከ 500 ሚሊአምፒር ይሰጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ምላስ ያለው 3.0 ደግሞ እስከ 900። ዲስኩ ሳህኑን ከቆመበት ለማስነሳት ለአፍታ የሚጠይቀው ከዚህም ሊያልፍ ይችላል። ታዲያ እኛ ሲፒዩ የምንለው ሳጥን ፊት ለፊት ያሉት ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ተስበው የመጡ ናቸው፤ ከኋላ ያሉት ግን በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይደዋል። ከፊት እምቢ ያለ ዲስክ ከኋላ እሺ ማለቱ ለዚህ ነው። ግን ከኋላ ለመሰካት መንበርከክ፣ የሸረሪት ድር መጥረግ፣ በስልክ መብራት ቀዳዳ መፈለግ አለ። ስለዚህ ከመንበርከክ ፎርማት ይቀላል። ይባስ ብሎ በአንድ ቀዳዳ ላይ ማከፋፈያ ተሰክቶበት ማውሱ፣ ሚኒ ፋኑ፣ ሁለት ስልኮችና ዲስኩ አብረው ይጠባሉ። ፋኑ ይዞራል፤ ዲስኩ ይጠቁራል።

ትልቁ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ዲስክ 12 ቮልት ስለሚፈልግ የራሱ አዳፕተር አለው። አዳፕተር ደግሞ እኛ ቤት አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ የዲስኩ ወደ ራውተሩ፣ የራውተሩ ወደ ሪሲቨሩ ሲዘዋወር ይኖራል። ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ ከገባ ተስማሙ ይባላል። 9 ቮልት ሲሰጡት ዲስኩ አይነሳም። የላፕቶፕ 19 ቮልት የሰጡት ዕለት የሚነሳው ጭስ ነው።

ገመዱም ኃይሉም ደህና ሆኖ ማይ ኮምፒውተር ውስጥ ካልታየ፣ የለም ብሎ ከማልቀስ በፊት ዲስክ ማኔጅመንት የሚባለውን መስኮት ማየት ነው፤ ስታርትን በቀኝ ጠቅ ሲያደርጉት ከዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል። እዚያ ላይ ሰማያዊ መስመር ይዞ፣ ነገር ግን ፊደል ሳይኖረው ከተገኘ ፊደል መስጠት ብቻ ነው። ኤ እና ቢ ለጠፉት ፍሎፒዎች እንደተያዙ ቀርተዋል፣ ሲ የዊንዶውሱ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰፊ አገር ነው። ጥቁር መስመር ካሳየ ወይም ዲስኩን ኢኒሻላይዝ ላድርገው ብሎ ከጠየቀ ግን፣ ውስጡ ንብረት እንዳለ ለምናውቀው ዲስክ መልሱ ካንስል ነው። ካንስል ማለት የሚያሳፍረው ሰው ይበዛል፤ ኮምፒውተሩ ቅር የሚለው ይመስለዋል።

የሰፈራችን አንዲት እናት አንድ ቀን ዲስካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ሰፈር ውስጥ «ኮምፒውተር ይችላል» የሚል ስም አንዴ ከወጣ ቅዳሜና እሑድ የግል አይደለም። አብሯቸው የወንድማቸው ልጅ አለ፣ ላፕቶፑን አቅፎ።

«የልጄ ሠርግ እዚህ ውስጥ ነው» አሉኝ።

«ቪዲዮ ቤት እያሉ ሠርቶልዎት ነበር፣ እትዬ?»

«እዚያማ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ሚዜዎቹ ሲገቡ፣ ኬኩ ሲቆረስ፣ የአባቱን ወገኖች ጭፈራ ሳይቀር። ቤቴ ሳመጣው ነው የከዳኝ።»

ልጁ ላፕቶፑን ከፈተና ዲስኩን ሰካ። ሳጥኗ ብቅ አለች፤ ዲስኩን ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ማድረግ አለብዎ፣ ፎርማት ላድርገው? ትላለች። ልጁ ጣቱን አዘጋጅቶ «አክስቴ፣ እሺ ልበለው፣ ይከፈታል» አለ።

«ምን ብሎ ጠይቆህ ነው እሺ የምትለው?» አሉት።

በዚህ ጉዳይ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚረባው እሱ ነበር፤ የጠየቁትም ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁት ሴትዮ ናቸው።

ዲስኩ አንዳች ችግር አልነበረበትም። ቪዲዮ ቤቱ የሚሠራው በማክ ነው፤ ዲስኩንም ያሰናዳው ማክ በሚያውቀው አሠራር ነው። ማክ ኤችኤፍኤስ ፕላስ ወይም ኤፒኤፍኤስ በሚባል ሥርዓት ጽፎ ሲያስቀምጥ ዊንዶውስ በራሱ አያነበውም። ሐቀኛ ቢሆን ኖሮ «ይህን ጽሕፈት አላውቀውም» ብሎ ዝም ይል ነበር። እሱ ግን ግዕዝ የማይዘልቀው ሰው ብራና ይዞ «ፊደሉ አልገባኝም፤ ፍቄ ላጽዳልዎት?» እንደሚለው ያለ ነገር ነው የሚጠይቀው። ማክም ቢሆን ጨዋ አይደለም፤ የዊንዶውሱን ኤንቲኤፍኤስ ያነባል፣ በራሱ ግን አይጽፍበትም። ሁለቱም የሚስማሙበት ኤክስፋት የሚባል ሥርዓት አለ። ሁለቱም የሚያውቁት አሮጌው ፋት32 ደግሞ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ የእኛ ሠርግ ደግሞ ሙሽራዋ ከመኪና እስክትወርድ ብቻ እሱን ይሞላል።

ማክ ያለው ወዳጅ ጋ ሄድን። ሠርጉ ሳይነካካ ወጣና ወዳጄ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠ፤ መከፈቱን እትዬ ራሳቸው ጭፈራው ድረስ አይተው ካረጋገጡ በኋላ ዲስኩ ኤክስፋት ሆኖ ፎርማት ተደረገ፣ ከዚያ ሠርጉ ተመለሰበት። ልጁ «ያው ፎርማት ተደረገ አይደል እንዴ?» አለ። ተደረገ። ልዩነቱ ያን ሰዓት ሠርጉ ሌላ ቦታ ነበር።

ሁሉም እንዲህ በሰላም አይገኝም። ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የመጣ ፍላሽ ወይም ዲስክ ሲከፈት ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ይገኛሉ። ባለቤቱ ያብዳል። ቫይረሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ፋይሎቹን መደበቅና በስማቸው አሳሳች ሾርትከት መትከል ነው፤ ቦታው መያዙን ሲያዩ ዕቃው እዚያው እንዳለ ይታወቃል። ቫይረሱን በአንቲቫይረስ አጽድቶ፣ አትሪብ በምትባል ትእዛዝ መደበቂያውን ማንሳት ነው። እዚህም ቦታ ፎርማት ባዩ ሰውዬ ይደርሳል። እሱ የማይደርስበት የለም።

ፈጽሞ ቀልድ የሌለበት አንድ ምልክት ግን አለ፤ ድምፅ ነው። ጆሮን ዲስኩ ላይ ሲያስጠጉ ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ ካለ፣ ነቅሎ ማስቀመጥ ነው። ብዙዎቹ የኪስ ዲስኮች ውስጥ ሳህኑ በደቂቃ 5400 ጊዜ፣ በሰኮንድ 90 ጊዜ ማለት ነው፣ ይዞራል። አንባቢው ጫፍ ከሳህኑ በላይ የሚያንዣብብበት ክፍተት ጥቂት ናኖሜትር ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚያ ከ10 ሺህ እጥፍ በላይ ይሆናል። ያ ጫፍ ተጎድቶ ከሆነ እያንዳንዱ «እስቲ አንዴ ልሞክረው» ሳህኑን እየፋቀው ሊሄድ ይችላል። ቼክ ዲስክ የሚባለውን ማዘዝም እዚህ ቦታ ላይ የታመመውን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ማስሮጥ ነው። እንዲህ ያለ ዲስክ የሚከፈተው አቧራ በተጣራበት ክፍል ውስጥ ነው። እኔ ያየሁት ባለሙያ ግን መንገድ ዳር ጠረጴዛው ላይ ክዳኑን ፈቶ ሳህኑን በሸሚዙ እጅጌ ወለወለው፤ ቀጥሎ ራሱን ነቅንቆ «ይሄ መጀመሪያውኑም አይሠራም ነበር» አለ። ሒሳቡን ተቀብሏል።

ፎርማት ባዩ ቀድሞ ከደረሰስ? ፈጣኑ ፎርማት በሚሽከረከረው ዲስክ ላይ የሚያጠፋው ማውጫውን ነው፤ ፋይሎቹ ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ እዚያው ይቆያሉ። ረጅሙ ፎርማት ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ሙሉውን በዜሮ ይሸፍነዋል፤ ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ነው። ስለዚህ በፈጣኑ የሄደ ሰው ምንም ሳይጽፍበት እንደ ቴስትዲስክና ፎቶሬክ ያሉ ነጻ ፕሮግራሞችን ይሞክር፤ ሁለቱንም የሠራቸው ክሪስቶፍ ግሬኒየር የሚባል ፈረንሳዊ ነው። የሚገኘው ዕቃ ሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጥ እንጂ እዚያው ላይ አይደለም። ፎቶሬክ ፎቶዎቹን ሲመልስ አብዛኛውን ጊዜ ስማቸውን አይመልስም፤ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ ኤፍ በምትል ፊደል የሚጀምር ቁጥር ተሰጥቶት ይመጣል። የልጅ ክርስትና ከመኪና ሊብሬ ፎቶ ጋር ተደባልቆ ይገኛል። ቢሆንም ተገኝቷል።

መከላከያውስ፣ ሳይነቅሉ በፊት ሴፍሊ ሪሙቭ የሚለውን መጫን ነው፤ ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል፣ የሚያደርገው ግን የለም። ማይክሮሶፍትም ተስፋ የቆረጠብን ይመስለኛል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ጀምሮ ሳይሰናበቱ ለሚነቅሉ ሰዎች የሚመቸውን አሠራር መነሻው አድርጎታል። ፋይል እየተገለበጠ ሳለ ለሚነቅል ግን አሁንም የሚደርስለት የለም። በዚያ ላይ የእኛ መብራት አለ፤ እሱ ተሰናብቶ ሄዶ አያውቅም።

ወደ ቢሮው እንመለስ። አንድ ቀን ዲስኩ ከኋላ ተሰክቶ ተነበበና ሰው ሁሉ እየተነሳ ሲሄድ የሒሳብ ክፍሉ ጋሼ ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው ቀሩ። «1 ቴራ ነው የተገዛው። 931 ጊጋ ነው የሚለው። ቀሪው 69 የት ገባ?» ፋብሪካው ቴራውን በሺህ እያባዛ እንደሚቆጥር፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024 እያካፈለ እንደሚያሳይ፣ ዕቃው አንድ ሆኖ መቁጠሪያው ሁለት እንደሆነ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ሲጨርሱ ደረሰኙ እንዲመጣ አዘዙ።

ሰሞኑን እትዬን ዳቦ ቤት በር ላይ አገኘኋቸው። ያን ዲስክ ሌላ ቦታ ገልብጠው እንዲያስቀምጡ ነግሬያቸው ስለነበር ጠየቅኳቸው።

«ኮፒ አስደረጉት፣ እትዬ?»

«እንዴታ! ልጁ ሁለት አድርጎ አስቀምጦልኛል።»

ልጁ አጠገባቸው ነበር፤ ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ። «አንዱ ሠርግ ይላል፣ ሌላው ሠርግ ኮፒ» አለኝ።

«ሁለተኛው የት ላይ ነው?»

«እዚያው ዲስኩ ላይ፣ ጎን ለጎን። ቦታ አልበቃ ብሎ ነበር ግን አስተካከልኩት» አለና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «የመልሱን አጠፋሁት።»